አመድ በጨርቅ

ጥምቀት አለፈና፣ ታቦቱም ገባና፣
ሁዳዴ ሳይገባ ቀናት አሉኝና፣
ከትክል ድንጋይ ቁልቁል፣ ወዳንገረብ ቆላ፣
ልወርድ ነው ዘንድሮ፣ ላድን ድኩላ።

ታረቀኝ አብሮኝ ነው፤ በቅሎ ተውሷል፤
ያልታየውን ሥጋ ለሰፈር አድሏል፤
ጭኑ ላማቱ ነው፣ ጎድኑ ለቄሱ፣
ቆዳው ለመኝታ፣ ምላሱ ለራሱ።
ምላስማ መች አንሶት ያውቅና ነው እሱ!

አምናም ወርደን ነበር፤ ስንቁን ጨርሰን
አንዲት ጅግራ ይዘን በሌሊት ደረስን።
በጨለማ ገባን፣ ሰው እንዳይመለከት፤
ውሻው ግን አየና ጮኸብን ሌሊት።

ያለን አንድ ምንሽር፣ ያያ ጎሹ ንብረት፣
ሰደፉ በጠፍር የተጠፈረበት።
ትናንት ሄድኩ ልዋስ፤ ደጁ ላይ ተጎልቶ
ጉልበቱን ያሻል፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ።
ዝም አለ ለጊዜው፣ ዐይኑ ቆላ ወርዶ፣
እግሩ የማይደርስበት ዐይኑ ቀድሞ ሄዶ።
ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ሳሙና ነክተሃል?»
«ትናንት፣ ለገበያ።»
«እንግዲያ ተመለስ፤ ይቆይህ ለወዲያ።
ሦስት ቀን አትታጠብ፣ ቅቤም አትቀባ፣
ልብስህ ጭድ ውስጥ ይደር፣ ከከብት ጋር ግባ።
ሰው ሰው የሚሸት ሰው ዱር ውስጥ አይገባም፤
ቢገባም አያይም፣ ቢያይም አይረባም።»

እጁን ጤፍ ጎታ ውስጥ እስከ ክንዱ ሰዶ
ሁለት ጥይት ሰጠኝ፣ ሦስተኛውን ክዶ።
«አንዷ ለዒላማ፣ አንዷ ለቁስለኛ፤
ሆዳም ነው የሚሻት ያችን ሦስተኛ።
ሴቷን ግን እለፋት፤ ቀንድ የላትም እሷ፤
አንድ ብትመስልህም አንድ አይደለም ነፍሷ።»

ልሄድ ስነሳበት፣ «ቆይ» አለኝ ጎትቶ፤
ከምድጃው ዝቆ፣ በወንፊት ነፍቶ፣
ደቃቅ አመድ ሰጠኝ በብጣሽ ጨርቅ ሞልቶ።
«ቆንጥረህ ልቀቃት፤ ፊትህን ከመታች
ግፋ። ከቀደመችህ ተመለስ፤ ነግራለች።»
ምንሽሩን ሲያቀብለኝ ግን
እጁ ቶሎ አለቀቀም።

ማታ ትብለጥ ልጄ፣ የአራተኛ ክፍሏ፣
ደብተሯን ዘርግታ ትጽፍልኝ ጀመር፦
በሶ አምስት ኩባያ። ጨው። ቢላዋ።
ክብሪት፣ በፌስታል የተጠቀለለ።
የበረባሶ ጠፍር፣ ትርፍ።
የወባ ኪኒን (ይኼ የእናቷ ነው፣ የየሻረግ ትእዛዝ)።
ለበቅሎዋ ገብስ።
ባትሪ ድንጋይ ሁለት፤ አንደኛው የደከመ።

ከላይ፣ ለርእስ ብላ፣ በቀይ እስክሪብቶ፦
«አባቴ ድኩላ ሊያድን ነው»።

ስታነብልኝ ግን ቃሉን አላጠበቀችውም።
«ሊያድን ነው» አለች፣ አላልታ፣
እንደ ሐኪም፣ እንደ መድኃኔ ዓለም።
«ከምንድን ነው ግን የምታድነው?»
ታረቀኝ እስኪያነባ ሳቀ።
እኔም ልስቅ ነበር።
የሻረግ ከጓዳ «አርሚው፣ ልጁን» አለች፤
ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ዶሮ ሳይጮህ ወጣሁ፤
ምንሽሩን ወልውዬ መልሼ ወለወልሁ።
ጓሮ ቆምኩ፤ ከጨርቁ ቆንጠር አደረግኩና
ለቀቅኳት አመዷን፣ ለጨለማው ገና።
አልወደቀችም መሬት፤ ካጥሩ ላይ ወጥታ፣
በጌሾው ተሻግራ፣ ቁልቁል ተንሸራታ፣
ወዳንገረብ ሄደች ሽታዬን አንግታ።

እዚያ ታች፣ ጢሻው ዳር፣
ያልታጠበ ገላዬን፣ ጭድ ውስጥ ያደረ ልብሴን፣
የአያ ጎሹን ጤፍ፣ የትብለጥን ጥያቄ
አንድ እርጥብ አፍንጫ
አሁን እያነበበው ነው፤
አጥብቆ ይሁን አላልቶ እንጃ።

«ተነስ!» ይላል ታረቀኝ ካጥር ማዶ፣
በቅሎዋን ጭኗታል።
ጨርቁን መልሼ ቋጠርኩት።
ነፋሱ እስኪዞር እንቆይ፣ አልኩት።
«እስከ መቼ?»
አላወቅሁም።
ገመዱንም ረስተነዋል።