አራት ሚሊ

ኑርዬ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ ሲመለስ
አንዲት ድንጋይ ይዞ መጣ፣ ቡጢ የማትደርስ።
ለጎማው ታኮ ሊያደርጋት አንሥቶ፣ አነሰችበት፤
መልኳ ግን አላስጣለውም፣ ጋቢና ወረወራት።
ባቲን ተንከባልላ፣ ገርባን ተንከባልላ አለፈች፣
ኮምቦልቻ ደርሳ ከሞርሳዬ ጥግ ቁጭ አለች።

አምስት መስመር ጥልፍ ከአናቷ ይወርዳል፤
«የጥንት ሰው ጌጥ ነው፣ ለአንገት ክር በስቶታል»
አልኩና አገላበጥኳት። ቀዳዳው ክብ ነው፣ ጠርዙ አልቆሰለ፤
ፑንታ ለካሁበት፤ ሦስቱ ዋኘበት፣ አምስቱ እንቢ አለ፤
አራት ሚሊ ገባ።
ሠላሳ ዓመት ትራፓኖ ይዤ ኖሬአለሁ፣
የሰው እጅ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቃለሁ፤
ይህን የበሳው አላዘነበለም።

ሰዓዳ፣ የእህቴ ልጅ፣ ደሴ ስታስተምር ውላ
ሐረጎን ወርዳ መጣች፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ።
«የባሕር ጃርት ናት» አለች፣ «እሾኋ የረገፈባት፤
ቀንድ አውጣ ነው የበሳት።»
ሳቅሁ። ያ ክረምት በገባ ጎመኔ ላይ የሚንፏቀቀው?
«በምኑ?» አልኳት። «በምላሱ፤ ምላሱ ሞረድ ነው።
ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ኮምጣጣ ምራቁን ይተፋል፣
ቅርፊቷ ሲለሰልስ ይሞርዳል፣ ይሞርዳል፣
ከዚያ ውስጧን ይመጥጣል።»
ኑርዬ ጣልቃ ገባ፦ «ምላስ አጥንት የለውም፣
አጥንት ግን...» አልጨረሰውም።
«ባሕሩስ የታል?» ስላት፣ በበሩ ወደ መኪናው አየች፤
«ያው፣ ኑርዬ የጫነው ነዋ» አለች።

ዓይኔ ግን ተተክሎ የቀረው ከጎኑ ካለው ላይ ነው፣
ሁለተኛ ቀዳዳ፣ ጀምሮ የተወው።
ግማሽ ሚሊ ወርዶ ቆሟል።
ማዕበል ይሁን፣ ሌላ በላተኛ፣ ማን ከሥራው አስነሣው?
ሰዓዳም አላወቀችው።

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ፍላንጅ አለ፣ አራት ቀዳዳ የታዘዘ፣
ሦስቱ ዘልቀው፣ አራተኛው ላይ ፑንታው የፈዘዘ።
ይማም ነው፣ ረዳቴ። ያን ጥቅምት፣ ተኩሱ ከሐረጎ ሲወርድ፣
ትራፓኖውን እንኳ ሳያጠፋ ተነሣ ሊሄድ።
«መጣሁ» አለ፤
እንደ መጣ ሰው።

ባለ ዕቃው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሌላ ሠራሁለት።
ጃርቷን ከፍላንጁ ጎን አኖርኳት።
መብራት ሲጠፋ፣ ጋራዡ ዝም ሲል፣ መሳቢያዬን እስባለሁ፤
አራተኛው ቀዳዳ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ።
ወደ ግራ ያዘነብላል።
ስንቴ ነግሬው ነበር።