ዱካ

ጎህ ሳይቀድ ነው የምንወርደው ከአራብሳ ፎቅ፣
ጭቃው ጫማ ሲቀማን፣ ሰርቪሱ ሲርቅ፤
እግራችን ላይ ፌስታል አስረን፣ ስልክ እያበራን፣
በየተራ ከፊት ሆነን፣ እየተመራራን።

ቦሌ ለሚ፣ ስፌት ሼድ፣ መስመር አሥራ ሁለት።
እኔ ኪስ ነኝ። ትርፌ እጅጌ። እታፈራሁ አንገት።
አሠልጣኛችን ኩሱማ፣ ከስሪ ላንካ የመጣች፣
ስድስት የአማርኛ ቃል ነው ይዛ የገባች፦
"ቶሎ"፣ "ቆንጆ"፣ "ቀስ"፣ "አይደለም"፣ "ፍቺው"፣ "እንደገና"፤
ከዚህ ሌላ አልነበራት፣ እኛም ለመድነውና።

ጨርቁን ስጎትተው መርፌዬ ቢሰበር፣
ከኋላዬ ጎንበስ ብላ ታሳየኝ ነበር፤
ጣቶቼን አንድ በአንድ ከጨርቁ አላቃ፣
"ቀስ" ትላለች፣ "ቀስ"፣ ራሷን ነቅንቃ።
ጨርቁ ራሱ ይሄዳል፣ ጥርሱ እየሳበው፤
ከእጅ የሚጠበቀው መንገድ ማሳየት ነው።
ይህ እስኪገባኝ ድረስ ስንት መርፌ ፈጀሁ!
ገብቶኝስ ቢሆን? ዛሬም እጨብጣለሁ።

ሐሙስ ቀን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
የእታፈራሁ ስልክ ደረቷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣
ስልክ ክልክል ነው ሼድ ውስጥ፤ አወጣች፣ ሰማችው።
"ወንድሜን" አለች። ከዚያ
ማሽኗን አጠፋችው፣
መቀሷን ቦታው መለሰች፣
ወለሉ ላይ ፈሰሰች።

ኩሱማ እየሮጠች መጣች። ሰሌዳው ላይ ቀይ
ቁጥር ይጮኻል፤ እሷ ግን ዞራም አታይ።
እጇን ደረቷ ላይ ጭና
"ዱካ" አለች። "ዱካ" አለች እንደገና።

ሰባተኛ ቃል አወቀች! እኛስ ምን እናውቃለን፣
ደክሟት መቀመጫ ፈልጋ ነው ብለን፤
ትርፌ ከጥበቃው በር ሮጣ አመጣች
ባለ ሦስት እግር ዱካ፤ "ይኸው፣ አረፍ በዪ" አለች።

ኩሱማ ዱካውን አየች። ትርፌንም አየቻት።
የሳቅ ይሁን የልቅሶ፣ ከንፈሯ እምቢ አላት።
ተቀመጠች። የእታፈራሁን ራስ ጭኗ ላይ አስጠጋች።
"አይዞሽ"ን አታውቅም፣ "እግዜር ያጽናሽ" አትልም፣
ዝም ብላ ያዘቻት እንጂ ቃል አልጨመረችም፤
ጨርቅ እንደሚያዝ ያዘቻት፣
ሳትጎትታት፣ ሳትለቃት።
አለቃው ከመስታወቱ ወዲያ ሰዓቱን ሲያሳይ ቆየ፤
ቆየ፣ ቆየ፤ ኋላ እሱም መሬት መሬቱን አየ።

ምሳ ላይ አስተርጓሚው ደምሰው ሲፈታልን፣
ዱካ በእነሱ አገር ሌላ ነው አለን፦
"ኀዘን ነው፣ ጭንቅ ነው፣ የማይደላ ኑሮ፣
እምብርቱ እንደተጣመመ የጋሪ ጎማ፣ ዞሮ ዞሮ
የሚያንገጫግጭ። መነኮሶቻቸው ገና በልጅነት
የሚያስተምሯቸው ነገር አለ፣ አራት፦
ዱካ መኖሩን ማወቅ፣ ማንም አለመዳኑን፤
ከየት እንደሚነሣ፣ ከጭብጥ መሆኑን፤
ጭብጡ ሲላላ ደግሞ እንደሚያልቅ፤
አራተኛው..."
ደወሉ ጮኸ። አራተኛውን ሳናውቅ
ሮጥን።

የኔ ማተብ አንገቴ ላይ፤ የሷ እምነት የሷ ነው፤
ኪስ ስሰፋ የዋልኩት ግን ይህን እያሰብኩ ነው፦
የእነሱ ኀዘን በእኛ አፍ የሰው መቀመጫ፤
ደግሞም የእግር ምልክት፣ የጠፋ ሰው አቅጣጫ።

በነጋታው ሌሊት፣ ላምበረት ልንሸኛት፣
ፎቁ ሥር ኩሱማን ቆማ አገኘናት፤
ማን እንደነገራት እንጃ፤ በነጠላ ጫማ፣
የተቀቀለ ዕንቁላል ይዛ በጨለማ።

ጭቃው ላይ ሳበራ፣ ዱካ በዱካ ነው፦
የጋሪ ፈረስ፣ የውሻ፣ የልጅ፣ የማላውቀው፤
ከዚህ ያላለፈ የለም። የፊተኛዋ ስትረግጥ
ኋለኛዋ እዚያው ታሳርፋለች፣ ጭቃው እንዳያዳልጥ።
እታፈራሁ በኩሱማ፣ ትርፌ በእሷ፣ እኔ በሁሉ፤
አራተኛውን ማንም አልጠየቀም በመሃሉ።

ያን ዕለት መስመሩ ላይ አንድ ማሽን ዝም ብሏል፤
ከጎኑ ዱካው፣ ሦስት እግሩን ተክሎ ውሏል።
ጥበቃው መጣ፣ አየው፤
ሊያነሣው ጎንበስ ብሎ መልሶ ተወው።
በሩ ላይ፣ በዝናብ፣ ቆሞ ነው የዋለው።