ዞረ ድምር

ፖርቶ፤ እሁድ ጠዋት፤ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
መጋረጃው ሳስቶ ዓይኔን ወጋው ፀሐይ።
ምላሴ ደርቋል፣ የከረመ ቁርበት፤
ራሴ ውስጥ ሰው ገብቷል፣ ምስማር የሚመታበት።
የባሕር ወፍ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ቆማ ትጮኻለች፤
የማታውን ሁሉ የሰማች ይመስል፣ ቆይታ ትስቃለች።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው መዝገብ ገልጬ፣
የሰውን ጉድለት በቀይ አፍረጥርጬ፣
«ዞረ ድምር» ብዬ ወደ ማዶው ገጽ ሳሻግር፣
ትናንት ዛሬ ደረት ላይ
ጫማውን ሳያወልቅ እንደሚያድር
አላውቅም ነበር።

ሥልጠናው አበቃ ተብሎ ነው ነገሩ።
ቫልደማር አስተናጋጃችን «ወይኑን ሳትቀምሱማ እንዳትበሩ!»
ጣት በምታህል ብርጭቆ፣ ቀይ፣ ወፍራም፣
እንደ ሳል ሽሮፕ የሚጣፍጥ።
«እንዲህ የጣፈጠ ነገር ከየት አምጥቶ ያሰክራል?»
ያልኩት እኔው ነኝ፣ ለአንዳርጌ፣ ስድስተኛው ላይ።
ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ተቀዷል።
ኪሴ ውስጥ አንድ ደረሰኝ ብቻ፣ አርባ ሰባት ዩሮ፤
ጀርባው ላይ፣ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ስም፦
መርዕድ።

እጄ የራደው ከወይኑ ነው ወይስ ከስሙ?
ለማን ነው ያሳየሁት? ማን ማን ሰሙ?

ደረጃ ወረድኩኝ። ከተማው ሁሉ ደረጃ ነው፤
ሆድ ቀድሞ ይወርዳል፣ ራስ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።
ትራሙ ጥግ ሲታጠፍ የሚያፏጨው ጥርሴ ውስጥ ነው።
ግድግዳው ሰማያዊ ሸክላ፤ ቅዱሳን በፈረስ፣ መርከበኞች፣
ሁሉም እኔ ላይ ያፈጠጡ፣ ሁሉም ያልጠጡ ሰዎች።

አራት ጠረጴዛ ያላት ቤት በር ላይ ወይዘሮ ግራሲየት አየችኝ።
አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ።
በደቃቁ የተከተፈ የጎመን ሾርባ፣ እንፋሎቱ ፊቴን የሚያጥብ።
«ጎመን በጤና» ስል የኖርኩትን ተረት
አርባ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ በማንኪያ ጠጣሁት።
ብርጭቆም አስጠጋች፤ እሾህን በእሾህ መሆኑ ነው፤
በመዳፌ ከደንኩት። ሳቀች። ራሷ ጨለጠችው።

አንዳርጌ ድልድዩ ላይ ነው፣ ብረቱን ተደግፎ፣
ሸሚዙ በግልባጭ፣ ደሙ ከፊቱ ነጥፎ።
«ይሄ ወንዝ ማን ነበር ስሙ?»
«ዶሩ» አለኝ።
የደከመ ጆሮዬ «ድሮ» ብሎ ሰማ።

ድሮ፣ ከእግራችን ሥር፣ በርሜል የጫኑ ጀልባዎች አዝሎ፣
ቡናማ፣ ዝግ ብሎ፣
ይሄዳል፣ ይሄዳል እንጂ አያልቅም።

ድሮ፦ የዱቄት መጋዘን። ዕቃ ግምጃ ቤቱ መርዕድ።
ጎደለ የተባለ ሁለት መቶ ኩንታል።
«ልጆቼን» ብሎ ነበር፤ እኔ ቁጥር ነው የማየው አልኩት።
ተባረረ።
ሦስት ወር ቆይቶ፣ ማታ፣ ብቻዬን ደግሜ ደመርኩት፤
የጎደለ የለም። አንዱን መስመር ሁለቴ ነበር የቀነስኩት።
መዝገቡን ዘጋሁት።
አሥራ አንድ ዓመት፣ ከገጽ ወደ ገጽ፣ ዞረ፤ ዞረ።

«አንዳርጌ... ማታ ምን አወራሁ?»

የብረቱን ዝገት በጥፍሩ ፋቀ። አንዷን ጀልባ በዓይኑ ሸኛት።
«ስለ ኳስ» አለኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ስለ ኳስ።»

እኔ ኳስ አላይም።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ውሸት አንብቤያለሁ፤
ይቺን ግን፣ አንድ አኃዝ ሳልነካ፣
እዚያው ድልድዩ ላይ ፈርሜያለሁ።

ነገ ሰኞ ነው።
ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው።