አምስት ለአንድ ጣሳ

በሩ ላይ ወረቀት፦ «ለሕዝብ ዝግ ነው ዛሬ፤
የግል ዝግጅት አለ።»
«የግል» የተባልነው እኛ ነን እንግዲህ፤
ሠላሳ አራት ሴቶች፣ አንድ የሒሳብ ሹም፣
አንድ ኪራይ አውቶብስ፣
ከሴቱባል ወደብ፣ ከሰርዲን ፋብሪካ፣
ዓርብ ከሚዘጋው።

ምሽቱን የገዙልን ባለቤቱ ናቸው፤
ከካሣው ላይ ምርቃት።
ራሳቸው አልመጡም፤ ጉንፋን ይዟቸዋል።

ዙልሚራን አዲሱ ጫማዋ ጠቧታል፤
ኤርመሊንዳ ሽቶ አብዝታለች ዛሬ።
ማን ያላበዛ አለ?
የምንሸፍነውን ሁላችን እናውቃለን፤
ከጥፍር ሥር ያለ፣ በሎሚ የማይለቅ፣
ባሎቻችን ለምደው ማንሣት የተዉትን።

አስጎብኚው ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ሳሳ ያለ።
«ይህ የባሕር ኮከብ ነው፤
አንጎልም፣ ደምም የለው፤»
ብሎ ጥቂት ቆመ፣ እንድንደነቅለት።
«እንደ አለቃችን ነዋ!» አለች ኩስቶዲያ፤
ሳቁ ከመስታወት መስታወት ነጠረ፤
የሒሳብ ሹሙ ብቻ
ወደ ባሕር ፈረሶች ፊቱን አዞረ።

በመስታወት ዋሻ ስናልፍ፣ ከራሳችን በላይ
አንድ ሰፊ ጥላ መጣ፤
ፈገግታ የመሰለ አፍ ያለው፣ ሆዱ እንደ ሊጥ የነጣ።
ግራሲዬቴ አማተበች።
እኔ ብርጭቆዬን ጨለጥሁ።

ከዚያ ትልቁ ገንዳ።
ከወለል እስከ ጣራ ሰማያዊ ግድግዳ፤
መሐሉ ላይ ደግሞ
አፉ ተፈትቶ ሳንቲም እንዳፈሰሰ ጆንያ
የሚዞር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፍ የሌለው ብር፦
ሰርዲን ነበር።

ዝም አልን።
እኛ የምናውቀው በሣጥን የመጣውን፣
በረዶ ላይ በጎኑ ተኝቶ ዐይኑ የፈዘዘውን፤
ጀርባውን በአውራ ጣት፣ ሆዱን በቢላ ጫፍ፣
ልኩን በመዳፋችን፤
መብራት ቢጠፋ እንኳ ከመቶ እንለየዋለን።
ሲዋኝ ግን አይተነው አናውቅም።

ዴኦሊንዳ ቀረበች።
ባሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ሣጥን ላይ ቆማ ነው ሥራ የጀመረች፤
አርባ አንድ ዓመት ሞላት።
ጣቷ ራሱን ችሎ ሥራውን ጀመረ፦
ራስ። ሆድ። ጅራት። ራስ። ሆድ። ጅራት።
«አምስት ለአንድ ጣሳ፤»
አለች ለራሷ፣ «ይኸ ሁሉ ዓሣ...»
ቆጠረች። ዞሩባት። እንደገና ቆጠረች።
አንዱን በዐይኗ ይዛ፣ እሱን ብቻ ብላ፣
አንገቷን እስኪያማት አብራው ብትዞርም
ከሺው መሐል ጠፋት።

«መሪያቸው የትኛው ነው?»
«መሪ የላቸውም፤» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፣
«እያንዳንዱ የሚያየው ጎረቤቱን ነው፤
እሱ ሲዞር ይዞራል።»
«እንዲህማ ከሆነ መስመር ሁለት ናቸዋ!» አለች ኩስቶዲያ፤
አሁን ግን የሳቀ የለም።

እራቱ ዶሮ ነበር። አሳቢ ናቸው ጌታው።
ከዶሮው ጎን ወረቀት፣ ከወረቀቱ ጎን እስክሪብቶ፤
«ፊርማ ብቻ ናት፤» አለ የሒሳብ ሹሙ፣
«ከዚህ በኋላ ፋብሪካው ላይ
ጥያቄ የለንም የምትል።»
ዴኦሊንዳ አነበበች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣
እያንዳንዷን ቃል እንደ እሾህ እየለየች።
ከዚያ እስክሪብቶውን
ከሹካዋ አጠገብ አኖረች።
ዕድሜ ልኳን ስትቆርጥ የኖረች
ያን ማታ ቆረጠች።

ዙልሚራ አየቻት። ኤርመሊንዳ ዙልሚራን አየች።
በየጠረጴዛው እስክሪብቶ ተራ በተራ ተኛ፤
የኩስቶዲያ እንኳ፣ ያለ ቀልድ።

እኔ ግን ፈርሜ ነበር፤
ዶሮው ሳይቀርብ በፊት።
የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ልጅ አለኝ፤
ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

አውቶብሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች።
አንድ ቃል አልወጣትም፤
ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት።
ሽቶው በኖ አልቋል፤ አሁን የምንሸተው እኛኑ ነው።
ድልድዩን ስንሻገር፣
መብራቱ ፊቷ ላይ እየመጣ ሲሄድ፣
አውራ ጣቷን አየሁ ጉልበቷ ላይ፤
አይቆርጥም።
ይዞራል፣ ዝም ብሎ ይዞራል።