መቀርቀሪያ

ከአንኮበር ቁልቁል፣ ብርዱ ከሚያበቃበት፣
ጭጋጉ ገደል አፍ ቆሞ ከሚቀርበት፣
አልዩ አምባ ዳር ነው የአባቴ ጓሮ፤
ሩብ ጥማድ ቢሆን ነው፣ ተለክቶ ተቆጥሮ።
አምስት እግር ብርቱካን፣ አንድ ያረጀ ትርንጎ፣
አጥር የያዘ ጌሾ መደገፊያ ፈልጎ።
ደጃፉ ላይ ደግሞ ጤና አዳም ተከለ፣
«አዳም ከዚያ ሲባረር ይችን አንጠለጠለ፣
ቁርጠት ቢይዘኝ ብሎ ለመንገዱ» እያለ።

ውሃው ግን በተራ ነው። የውሃ አባት አለ፣
ቀኑን እንደ ድፎ ቆርሶ እያደለ።
እጣ ሲወጣ ጊዜ ለእኛ እሁድ ደረሰን፤
ለዑመረዲን አርብ። ሁለታችንም ከፋን።
እሱ ጁምዓ ሲሄድ፣ እኛ ስናስቀድስ፣
ማን ቦዩን ይከፍታል? ማን ይቆማል እስኪደርስ?

ሽማግሌ አልዳኘው፣ ቀበሌም አላየም፤
የተጻፈ ውል የለም፣ የተማለም የለም።
አንድ አርብ አባቴ ዶማውን አነሣ፣
የሰው ፓፓያ ሲያጠጣ ምሳውን ረሳ።
እሁድ ከቅዳሴ ገና ስንመለስ፣
መደባችን ጠግቦ፣ አፈሩ ሲተነፍስ፣
የዑመረዲን ኮፍያ ትርንጎው ላይ ቀርታ
ንፋስ ያወዛውዛታል እንደ ሰላምታ።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው፤
የእኛን ጓሮ እሱ፣ የሱን እኛ ነን የምናውቀው።

እሱ «ጀነት» ይላል፣ አባቴ «ገነት»፤
ሁለቱም ወንዝ አላት፣ ሁለቱም ፍሬ አላት።
«ያው ነው» አይባባሉም፣ አይከራከሩም፤
ቦይ ሲጠርጉ አንዱ አለ፣ የትኛው እንደሆነ አላስታውስም፣
«ከውሃ ዳር ያደገ ሰው እንዲህ አያልምም።»

የዐቢይ ጾም ሌሊት ነው፤ ውሻው ሲያላዝን
አባቴ ፋኖስ፣ እኔ ዱላ ይዘን ወጣን።
ብርቱካኑ ላይ ልጅ፤ ዐሥራ ሦስት ቢሆነው፣
ሸሚዙን በፍሬ እንደ እርጉዝ ያሳበጠው።
«ስምህ ማነው?» አልሁት። «ጥጋቡ» አለ፤ ሳቄ መጣ።
አባቴ አልሳቀም። ከእጄ ዱላውን አወጣ፤
«ቀስ ብለህ ውረድ» አለው፣ «ቅርንጫፉ እንዳይቆጣ።»
ወደ እኔም ዞሮ፦
«ገነት ቀድሞ የገባ አዳም መሰለሽ? አይደለም፤
ሌባ ነው፣ በቀኝ ያለው። የቀደመው ማንም የለም።
የእሳት ሰይፍ የያዘው ኪሩብ እንኳን መንገድ ሲለቅ፣
እኔ ማን ነኝ ባለ ፋኖስ፣ በብርቱካን የምተናነቅ?»

ከዚያም እጁን ይዞ ወደ በሩ ወሰደው፤
መቀርቀሪያውን በጨለማ ዳስሶ አሳየው።
«እሾህ አትዝለል፤ በዚህ በኩል ነው የሚከፈተው።
አረንጓዴውን ግን እንዳትነካው።»

አባቴ በኅዳር ሞተ። ሐሙስ ቀበርነው።
እሁድ ድንኳን ውስጥ ነን፤ ዑመረዲን አጠገቤ ነው፣
ዓይኑ ደም መስሎ።
ተራውን እሱም ረሳ፣ እኔም ረሳሁ፤
ሰኞ ማለዳ ብቻዬን ጓሮ ገባሁ።

መሬቱ ርሷል። ቦዩ በጭቃ ተደፍኗል፤
ለሚቀጥለው ባለ ተራ ውሃው ተለቋል።
አረንጓዴው ፍሬ አንድም አልጎደለ፤
ከብርቱካኑ ሥር አንድ ዱካ አለ፣
የጎልማሳ፣ ከባድ፣ ጭቃው ላይ የዋለ።

ማነው ብዬ መንደሩን አልጠየቅሁ፤
ከጤና አዳሙ አንድ ቅጠል ቀጥፌ አሸተትሁ፤
ያን ማታ በሩን ሳልቀረቅር ተኛሁ።