ስንት ቀን ቀረሽ?

መኪና ግርግር ላይ፣ ከስፌቶች መሃል፣
ዛሬ መርፌው ሁሉ ጣቴን ይፈልጋል።
ትናንት ያሳቀችኝ የጎረቤት ወሬ
ጠጠር ሆና ዛሬ ነከስኳት ከጥሬ።
ኢክራም ላይ ጮህኩኝ፣ ትንሿ ተማሪዬ፣
በአንዲት ቁልፍ ነገር፣ ጠመመችብኝ ብዬ።
ዝም ብላ ቁልፏን ፈትታ መለሰች፤
አንገቷን ስትደፋ ሆዴን አላወሰች።

አይጠፋኝም እኮ ምን እንደሚያስለቅሰኝ፤
ደሜ ሳይመጣ ነው ደመናው የሚደርሰኝ።
ጤና ጣቢያ ብሄድ የራስ ክኒን ሰጡኝ፤
የሚያመኝ ራስ አይደል፤ ያመኛል ሲወዱኝ።
አማቴ «አመሏ ነው» ትላለች ለጎረቤት፤
አመል ቢሆንማ ቀን አይቆጥርም ለመምጣት።

መኪናዬን ከድኜ ሄድኩኝ ሸዋ በር፣
ከአይ ኢምቱባ ዘንድ፣ ከጆንያዎቿ ሥር።
አፌን ሳልከፍት ገና፣ «ስንት ቀን ቀረሽ?» አለች።
«አራት።»
ከየጆንያው አፍ ቆነጠረች፦
አብሹን፣ ቀረፋውን፣ ከጥቁር አዝሙዱ፣
ጤና አዳም አንድ ዘለላ፣ እንዳይነፋ ሆዱ።
ዘለላዋን ይዛ፣ ዐይን ዐይኔን እያየችኝ፣
«ያረገዘች አትንካው» ብላ አስማለችኝ።
ጠቀለለችልኝ በልጅ ደብተር ወረቀት፣
ሰባት ሲቀነስ ሦስት፣ አምስት የተባለበት፣
የመምህር ቀይ እስክርቢቶ ኤክስ የመታበት።

«እውነት ያድናል ወይ?» ስል ብሩን ሳልሰጣት፣
ሳቀች፤ ከፊት ጥርሷ አንዱን ጊዜ ወስዶባት።
«ለእኔ በሠላሳ ዓመት አልነቀለውም ከሥር።
ግን ድስቱ ሲንተከተክ የማድቤቴ በር
ይዘጋል። ባሌ፣ ‹መድኃኒት ላይ ናት› ይላል፤ ዝር አይልም።
ልጅ አይጠራኝም። ‹ሸሚዜ የታለ?› የሚል የለም።
ግማሽ ሰዓት፣ ልጄ!
እሱን ግን አልሸጥም፤
በዚህ ቆርቆሮ ጣሳ ተሰፍሮ አይሰጥም።»

ማታ ጣድኩት። የአብሹ ሽታ ቤት አዳረሰ።
ሚፍታህ በር ላይ ደርሶ፣ አሽትቶ፣ ተመለሰ።
መራራ ነው። ስኳር አከልኩ፤ አሁንም መራራ።
ጥቂት አለቀስኩኝ፣ ምክንያት ሳልጠራ።
ቅጠሉ ይሁን ያቀለለኝ፣ የበሩ መዘጋቱ፣
መለየት አልቻልኩም፤ አንድ መርፌ ገብተዋል ሁለቱ።

ፈለግኩኝ ኪሴ ውስጥ የስፌት ጠመኔ፤
ያን የልጅ ወረቀት ዘርግቼ በጭኔ፣
ስሕተቱን ሰርዤ ጻፍኩበት፦ አራት።
ነገ ሦስት ይሆናል። ለኢክራምም ልንገራት።