ሰው ጠፋ

ማይዙሩ ወደብ ላይ ኅዳር ሲያካፋበት፣
መርከቧ ታስራለች በሁለት ሰንሰለት።
ሞተሯ አልሞተ፣ ነዳጅ አላለቀ፣
መድፏም አልዛገባት፣ ቀለሟ አልለቀቀ።
አዛዡን ብትጠይቅ፣ ፊቱ እየከፋ፣
«እኔ ምን ላድርገው?» ይልሃል፤ «ሰው ጠፋ!»

እኔ ነኝ ጸሐፊው፤ ቁጥሩን የማውቀው፤
ሁለት መቶ አልጋ፣ መቶ አርባ ሦስት ሰው፣
ሃምሳ ሰባት ፍራሽ አቧራ የወረሰው።
ወጥ ሠሪው ኢሳኦ ሽንኩርት ሲልጥ ውሎ፣
ማታ ራዳር ያያል፣ ዓይኑ በእንባ ቆስሎ።
መካኒኩ ቶኩጂሮ፣ የሦስት ሰው ሥራ ይዞ፣
በስም ጥሪ ሰዓት
ሦስቴ «አቤት» ይላል፣ በድካም ደንዝዞ።

ለምልመላ ሄድሁ፣ ካደግሁበት መንደር፤
ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቁልፍ አለ፣ የሸረሪት ድር።
ወንበሮቹ ትንንሽ፣ ቆመዋል በሰልፍ፣
ያለ አዛዥ፣ ያለ ምልምል፣ ክረምቱ እስኪያልፍ።
ፍጅል የምትነቅል ባልቴት ቀና ብላ፣
«ወንድ ልጅ ፈልገህ?» አለች ሣቋን ጥላ፤
«ከኔ ወዲያ እዚህ የወለደ የለም፤
እኔም ሰባ ሞላኝ፣ ልጀምር አልችልም።»

ባዶ እጄን ተመልሼ መዝገቡን ገለጥሁት፣
የታችኛውን መሳቢያ፣ የረሳሁትን፣ ከፈትሁት።
ሠላሳ አንድ ማመልከቻ፤ የሠላሳ አንድ ሴት፤
«ባሕር ልውጣ» የሚል፣ አንዳንዱ አራት ዓመት።
አንዷ ጽፋለች፦ «ቁመቴ አጭር ነው፣
የዕቃ መደርደሪያም ቢሆን ይበቃኛል፣ ልተኛው።»
አንዷ ጠብቃ ጠብቃ፣ አሁን አውቶቡስ ትነዳለች።
ሚሃኔ የምትባል፣ የናፍጣ ሞተር ያጠናች፣
አራት ዓመት ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቦት ጫማ ትቆጥራለች።
በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ የራሴ ማኅተም፣
የራሴ እጅ ጽሕፈት፦
«መኝታ የለም።»

ሃምሳ ሰባት አልጋ ባዶውን ያድራል፤
መርከቧ የተሠራች በወንድ ልክ ነው ይባላል፤
አንድ መተላለፊያ፣ አንድ መታጠቢያ፤
ለሁለተኛ በር አልነበራትም መግቢያ።

አዛዡ ዘንድ ገባሁ። «ጌታዬ፣» አልሁ፣ «ቆጠርሁ።
የጎደለን ሰው አይደለም፤ በር ነው» ብዬ ነገርሁ።
ዝም አለ። ዝናቡ መስኮቱን ደበደበ።
«አንድ በር ስንት ነው?» አለ፣ እያሰበ።

በየካቲት መጡ ብየዳ ሠሪዎች፣
ሆዷን ቀደዱላት እንደ ሐኪም እጆች።
ባሕረኛው አጉረመረመ፦ «ቦታ ጠበበብን»፤
አቧራውን ግን ማንም «ተነሥልን» ሲል አልሰማን።
በሩ ቆመ፤ ተቀባ፤ ቁልፍ ገባለት፤
አሥራ አንድ ሆነው ገቡ፣ በመጋቢት፣ በንጋት።

ጀግና ናት አልልም። ማዕበሉ ሲነሣ፣
ሚሃኔ ባልዲ ላይ መለሰችው፣ የበላችውን ምሳ።
አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ሞተር ክፍል ወረደች፣
የሚያንኳኳውን ፓምፕ በጆሮዋ አገኘች።
ቶኩጂሮ ቆሞ አይቶ፣ ምንም ሳይል ዝም አለ፣
የያዘውን መፍቻ ወደ እሷ አቀበለ፤
ከስንት ወር ወዲህ ጫማውን አወለቀ፣
ተኛ፤ ያንኮራፋው ድምፅ ከሞተሩ ላቀ።

ዛሬም አልሞላንም፤ አርባ ስድስት ይጎድላል፤
ኢሳኦም እንደ ድሮው ራዳሩ ላይ ያነባል።
መሳቢያው ውስጥ ገና ሃያ ወረቀት አለ፤
ማኅተሜ እላዩ ላይ ነው፣ ብፍቀው እንቢ አለ።

ትናንት ስም ስጠራ፣ በእርጥቡ ወለል ላይ፣
«ሚሃኔ!» አልሁ፣ ከመዝገቡ ቀና ሳልል፣ ሳላይ።
መልስ የለም።
«እታች ናት፣ ፓምፑ ጋ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።
ከወለሉ ሥር ሞተሩ ይመታል፣ ሳይዛነፍ፣ ሳይላላ።
የቆመችበትን ባዶ ቦታ አየሁ፤
ብዕሬን አንሥቼ፣
«ጎደለ» ሳልጽፍ ቀረሁ።